የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቅድስና በደመወዝ ሰነድ ላይ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠናል። ጸሐፊዎቻቸው እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ አንዱ በግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ የሚይዝ፣ ሌላው ባለጉዳይ የሚያስተናግድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሦስተኛዋ ነርስ፣ አራተኛዋ ደግሞ በቤቷ የጸሎት ኅብረት የምታስተናግድ እናት ናቸው። ደብዳቤዎቹን ደጋግሜ ሳነብ ግን አራቱም ወደ አንድ ምዕራፍ መለሱኝ፤ ወደ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19። ይህ ምዕራፍ የሚጀምረው እግዚአብሔር ቅዱስ ስለ ሆነ ሕዝቡም ቅዱሳን እንዲሆኑ በማዘዝ ነው። ስለ መሥዋዕት ጥቂት ከተናገረ በኋላ ግን ወዲያው ወደ እርሻ ዳር ቃርሚያ፣ ወደ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ፣ ወደ ፍርድ፣ ወደ ሽበት፣ ወደ መጻተኛና ወደ ሚዛን ይወርዳል። ቅድስናን በአምልኮ ሰዓት ብቻ የምንፈልግ ብዙዎች ነንና፣ ይህን ምዕራፍ ከደብዳቤዎቹ ጎን አስቀምጠን እንድናነብ እለምናለሁ።

ጥያቄ

«በአንድ የግንባታ ዕቃዎች አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ባለቤቱ አማኝ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን የተከበረና ለሕንፃ ሥራው ከማንም በላይ የሚሰጥ ሰው ነው። ሆኖም ሁለት መዝገብ እንድይዝ ያዘኛል። ገዢው ሙሉውን ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ጨምሮ ይከፍላል፣ ደረሰኙ ግን ግማሹን ብቻ ያሳያል። የሠራተኛው ደመወዝም በሰነድ ላይ አንሶ ይጻፍና ቀሪው በእጅ ይሰጣል። ይህን ባነሣ ‹ሁሉም ነጋዴ የሚያደርገው ነው፣ ታክሱን እንደ ተጻፈው ብንከፍል እንዘጋለን› ይለኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የምኖረውም በኪራይ ቤት ነው። የታዘዝኩትን ብጽፍ ኃጢአቱ የማን ነው? ብለቅስ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» — የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ያነሡት ስለ ፈሩ ብቻ ሳይሆን ሕሊናዎ አሁንም ስለሚሠራ ነው፤ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቶ ሕሊናው ያልደነዘዘ ሰው እግዚአብሔርን ሊያመሰግን ይገባዋል። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ ግን የሚያጽናና አይደለም። ኃጢአቱ የሁለታችሁም ነው። ዘሌዋውያን 19፥11 መስረቅን፣ ማታለልንና መዋሸትን ሲከለክል ታዝዞ ለዋሸ ሰው የተለየ በር አልከፈተም። በግብጽ የነበሩት አዋላጆች ያዘዛቸው ንጉሥ ፈርዖን ነበር፤ መጽሐፍ ግን እግዚአብሔርን ስለ ፈሩ ትእዛዙን እንዳልፈጸሙ ይነግረናል እንጂ ኃላፊነቱ የፈርዖን ብቻ ነው ብሎ አላሰናበታቸውም። የታክስ ሕጉም ቢሆን ወንጀሉን የረዳን ሰው ከተጠያቂነት ነፃ አያደርግም። በሰነዱ ግርጌ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።

አሁን ደግሞ በዚህ አሠራር የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ እንመልከት፤ ብዙ አማኝ ነጋዴዎች «የምንደብቀው ከመንግሥት ነው» በማለት ራሳቸውን የሚያጽናኑት ይህን ሳያዩ ነውና። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ ይህንንም የሚከፍለው ገዢው እንጂ ነጋዴው አይደለም፤ ነጋዴው ሰብሳቢ ብቻ ነው። በአንድ መቶ ሺህ ብር ዕቃ ላይ 15,000 ብር የከፈለ ገዢ ያን ገንዘብ ለነጋዴው በአደራ ሰጥቶ ሄዷል። ደረሰኙ ግማሹን ብቻ ሲያሳይ 7,500 ብር የሰው አደራ በነጋዴው ካዝና ቀረ ማለት ነው። ታክሱ ከበደ የሚለው ሙግት እዚህ ላይ ቦታ የለውም፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ከመጀመሪያውም የነጋዴው አልነበረም።

የደመወዙ ነገር ከዚህም የባሰ ይመስለኛል። በግል ድርጅቶች የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። እውነተኛ ደመወዙ 20,000 ብር ሆኖ በሰነድ 8,000 ብር ብቻ የተጻፈለትን አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ያስቡ። አሠሪው በየወሩ ሊከፍልለት ከሚገባው 2,200 ብር ይልቅ 880 ብር ብቻ ያስገባለታል። ሠራተኛው ዛሬ በእጁ የሚገባው ስለሚጨምር ደስ ይለው ይሆናል፤ ነገር ግን ጡረታ የሚሰላው በተመዘገበው ደመወዝ ስለ ሆነ፣ ጉልበቱ ሲደክም የሚያገኘው በሐሰተኛው ቁጥር ተለክቶ ይመጣለታል። ከሥራ ቢሰናበትም የስንብት ክፍያው በዚያው ቁጥር እንዳይሰላበት ያሠጋል። ዘሌዋውያን 19፥14 ደንቆሮውን እንዳንሰድብ፣ በዕውር ፊትም ዕንቅፋት እንዳናኖር ያዛል። ደንቆሮው ስድቡን አይሰማም፣ ዕውሩም ዕንቅፋቱን ያኖረውን ሰው አያይም፤ ጥቅሱም «አምላክህን ፍራ» ብሎ የሚጨርሰው ተበዳዩ ራሱን ሊከላከል በማይችልበት ስፍራ የሚያየው እግዚአብሔር ብቻ ስለ ሆነ ነው። የደመወዝ ሰነዱን አንብቦ የማይረዳ ሠራተኛ በዚያ ጥቅስ ውስጥ አለ።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ በነበርኩበት ጊዜ ባላየሁት የንብረት ቆጠራ ላይ አለቃዬ ስላዘዘኝ ፈርሜአለሁ። ጉድለቱ ከወራት በኋላ ሲወጣ የተጠየቀው አለቃዬም እኔም አልነበርንም፤ ቁልፉ በእጁ የነበረው የመጋዘን ጠባቂ ነበር። ከደመወዙ ተቆረጠበት፣ በኋላም ከሥራው ወጣ። ያ ሰው ልጆች ነበሩት። ከዓመታት በኋላ ፈልጌ አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ይቅርም አለኝ፤ ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ልጆቹ ያጡትን ልመልስላቸው አልቻልኩም። ስለዚህ ሐሰተኛ ሰነድ ተጎጂ የለውም የሚል ሰው ሲገጥመኝ ያ ጠባቂ ፊቴ ይመጣል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ሁለት ነገሮችን ለይተው ይያዙ። ከዛሬ ጀምሮ በአዲስ ሐሰተኛ ሰነድ ላይ አይፈርሙ፤ ይህ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም። የተበላሸውን ያለፈውን ማቅናት ግን ጊዜና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በዚህም ባለቤቱን ሊረዱት ይችላሉ። ዘሌዋውያን 19፥17 ወንድምህን በልብህ አትጥላው፣ ነገር ግን በእርሱ ምክንያት ኃጢአት እንዳይሆንብህ ገሥጸው ይላል። ሁለቱ በአንድ ቁጥር መምጣታቸውን ልብ ይበሉ፤ ዝም ብለው እየጻፉ በልብ መናቅም ተከልክሏል፣ በሰው ፊት ማዋረድም የፍቅር ተግሣጽ አይደለም። ለብቻው ጊዜ ይጠይቁት። ዳንኤል በባቢሎን የንጉሡን መብል ላለመብላት በልቡ ሲወስን፣ አለቃውን በትሕትና ለምኖ የአሥር ቀን ፈተና እንዲደረግ ሐሳብ አቅርቧል፤ እምቢታውን ከነመፍትሔው ይዞ ሄደ። እርስዎም ሒሳብ ዐዋቂ ነዎትና ቁጥር ይዘው ይግቡ። እውነተኛው ሽያጭ ቢመዘገብ ድርጅቱ ምን ያህል እንደሚከፍል፣ የትኛው ወጪ ሕጋዊ ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ ሳይያዝ እንደሚቀር፣ ዋጋው እንዴት ሊስተካከል እንደሚችል ያሳዩት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር በአንድ መዝገብ ለመጀመር እቅድ ያቅርቡለት፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሠራተኛው ደመወዝ በእውነተኛው ቁጥር እንዲጻፍ ይለምኑት፣ ይህ እስከ ሐምሌ የሚቆይ አይደለምና። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው፣ ዛሬ የተሸፈነው ነገ ኦዲተር ሲመጣ በቅጣት ተባዝቶ እንደሚመለስ እርሱም ያውቃል።

«እምቢ ካለ፣ ካባረረኝስ?» ይሉኛል። ሊያባርርዎ ይችላል። ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት ታማኝ በመሆኑ የገባው ወህኒ ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ታማኝ ሰው ሥራውን አያጣም ብሎ አያውቅም፣ እኔም አልልዎትም። ስለዚህ ከመነጋገራችሁ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ይመካከሩ፣ ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምሩ፣ የልምድ ማስረጃዎን ያዘጋጁ። የቤተ ክርስቲያንዎን መሪዎችም ያማክሩ፤ እዚህ ላይ ንግግሬን ወደ እነርሱ አዞራለሁ። ለሕንፃው በብዙ የሚሰጠውን ባለጠጋ በፊት ወንበር ካስቀመጣችሁ፣ ስለ እውነት ብሎ ሥራውን ያጣውን ሒሳብ ሠራተኛ የቤት ኪራይ ለጥቂት ወራት የመሸከም ዕዳ አለባችሁ። ዘኬዎስ ኢየሱስን በቤቱ በተቀበለ ቀን ቆሞ የተናገረው ካታለለው ሰው ሁሉ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ነው፤ ለምኵራብ ሕንፃ እሰጣለሁ አላለም።

መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮች ሊጠመቁ መጥተው «ምን እናድርግ?» ባሉት ጊዜ ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ ነገራቸው እንጂ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። እርስዎም ሙያዎን መተው የለብዎትም። ሒሳብ በእውነት የሚይዝ ሰው ለዚህች አገር እጅግ ያስፈልጋታል።

ጥያቄ

«በመሥሪያ ቤታችን አማኝ የሆንን ሠራተኞች ጠዋት 2:30 ላይ ተሰብስበን እንጸልያለን፣ ቃልም እናካፍላለን። አንዳንድ ጊዜ እስከ 3:15 ይቆያል። ኃላፊያችን ከለከለን። ይህ ስደት ነውን?» — የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከሐዋሳ

መልስ

አይደለም። በዚያ ሰዓት በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ምናልባትም ከወረዳ ሌሊት ተነሥቶ የመጣና ከሰዓት በፊት ጨርሶ መመለስ ያለበት ገበሬ ነው። የምትጸልዩበት ሰዓት ደመወዝ የተቀበላችሁበት ሰዓት ስለ ሆነ የእናንተ አይደለም፤ የሰው ሰዓት ወስዶ ለእግዚአብሔር ማቅረብ ደግሞ በዘሌዋውያን 19፥13 የተከለከለው ባልንጀራን የመቀማት ሌላ መልክ ነው። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር፤ የሚጸልየውም በቤቱ ሰገነት ነበር። ከሳሾቹም በመንግሥት ሥራው ላይ ቸልተኝነትንም በደልንም ፈልገው አላገኙበትም። ከ1:45 ጀምራችሁ 2:25 ላይ ብትጨርሱ፣ ወይም በምሳ ሰዓት ብትሰበሰቡ፣ ኃላፊያችሁ የሚከለክላችሁ አይመስለኝም። ከዚያ በፊት ግን ስላለፈው ይቅርታ ጠይቁት።

ጥያቄ

«ዕድሜዬ 28 ነው። በምሠራበት ሆስፒታል የዋርድ ኃላፊ ነርስ ሆኜ ከተመደብኩ ጥቂት ወራት ሆኑኝ። ከሥሬ ካሉት መካከል አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ በእምነት ያሳደጉኝ ሰው ናቸው ማለት እችላለሁ። ዘወትር ያረፍዳሉ፣ የሌሊት ተራ የሠራችው ነርስም እርሳቸውን እየጠበቀች ትቆያለች። ልናገራቸው አፈርኩ። ሌሎች አማኝ ባልደረቦቼም የገናና የፋሲካ ሌሊት ተራ እንዳይደርሳቸው ይለምኑኛል፤ እምቢ ስላቸው ‹ሥልጣን አገኘችና ረሳችን› ይላሉ። እንዴት ልምራ?» — ነርስ፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ የተቸገሩት በሁለት ትእዛዞች መካከል ነው፤ ሁለቱም በዚያው ምዕራፍ ውስጥ አሉ። ዘሌዋውያን 19፥32 በሽበታሙ ፊት እንድንነሣና ሽማግሌውን እንድናከብር ያዛል። ዘሌዋውያን 19፥15 ደግሞ በፍርድ ለድሃ እንዳናዳላ፣ ባለጠጋውንም እንዳናከብር ይከለክላል። አንዱን ለማዳን ሌላውን መሻር አያስፈልግም። ለሽበት የሚገባው ክብር በአነጋገርና በአቀራረብ ይገለጣል፤ ተራ ሲደለደልና ሰዓት ሲቆጠር ግን በእርሳቸውና በሌላው መካከል ልዩነት ሊኖር አይገባም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለወጣቱ ጢሞቴዎስ ሽማግሌን እንደ አባት እንዲለምን እንጂ ኃይለ ቃል እንዳይናገረው የጻፈው ለዚህ ነው፤ አትናገረው አላለም።

ስለዚህ ሽማግሌውን በሠራተኞች ፊት ወይም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አይጀምሩ። ቡና በሚጠጡበት ሰዓት፣ ቢቻል ከዋርድ ውጭ፣ ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። ስለ እርሳቸው ጠባይ ሳይሆን እየጠበቀች ስለምትቆየው ነርስ ይንገሯቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ በእግሯ ቆማ ያደረች ሰው ስለ ሆነች፣ ሃያ ደቂቃ ለእርሷ ትንሽ አይደለም፤ ድካሟም በሚቀጥለው ሕመምተኛ መርፌ ላይ ስሕተት ሊያመጣ ይችላል። ምናልባት ያላወቁት ችግር ይኖር ይሆናል፤ የታመመ የቤተሰብ አባል ወይም የትራንስፖርት ችግር ሊሆን ይችላል። ካለ ተራቸውን ማስተካከል ይቻላል። ከሌለና ማርፈዳቸው ከቀጠለ ግን ለሌላው ሠራተኛ የሚደረገው ሁሉ ይደረግባቸው። ይህን ማድረግ ክብራቸውን አይቀንስም፤ ሳያርሟቸው መተው ግን የሌሎቹን ነርሶች ድካም መናቅ ይሆናል።

ስለ በዓል ተራ የጻፉት ደግሞ ብዙ አሳሰበኝ። ነህምያ በይሁዳ አለቃ ሆኖ በኖረባቸው 12 ዓመታት ለአለቃው የሚገባውን ቀለብ አልበላም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት አለቆች በሕዝቡ ላይ እንዳከበዱ፣ ሎሌዎቻቸው እንኳ እንደ ሠለጠኑበት ይናገራል። ይህ የመጨረሻው አባባል ሊታለፍ አይገባም። የአለቃ ወገን የሆነ ሰው ሁሉ ከአለቃው ሥልጣን ጥቂት ሊቀምስ ይፈልጋል፤ አማኝ ባልደረቦችዎ የሚለምኑትም ይህንኑ ነው፣ ምንም እንኳ ምክንያታቸው በዓለ ክርስቶስ ቢሆን። የገናና የፋሲካ ሌሊት ተራዎችን ያለፉትን ሁለት ዓመታት መዝግበው በግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ማን ስንት ጊዜ እንደ ገባ ሁሉም ይየው። የመጀመሪያውን የፋሲካ ሌሊት ራስዎ ቢገቡ ደግሞ ብዙ ንግግር ያስቀርልዎታል። ሙስሊም ባልደረቦች የገናንና የፋሲካን ሌሊት እንሸፍንላችሁ ሲሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እነርሱ ይህን ካደረጉ የዒድ ተራ ሲወጣ ክርስቲያኖቹ ሳይጠየቁ ቀድመው ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ ያድርጉ።

«ረሳችን» ለሚሉት መልስ መስጠት የለብዎትም። ዝርዝሩ በግድግዳው ላይ አለ።

ጥያቄ

«ከገጠር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ በቤቴ ትሠራለች። ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ኖራለች፤ የምናያት እንደ ልጃችን ነው። ሐሙስ ሐሙስ በቤቴ የጸሎት ኅብረት አለን፤ ምግቡንም ቡናውንም የምታዘጋጀው እርሷ ናት። ባለፈው አንዲት እህት ከጸሎት በኋላ ‹የልጅቷ የዕረፍት ቀን መቼ ነው?› ብላ ጠየቀችኝና የምመልሰው አጣሁ። ደመወዟንም ዘመዶቿ እንዳይወስዱባት ብዬ የማስቀምጥላት እኔ ነኝ። የበደልኳት አይመስለኝም ነበር፤ አሁን ግን እንቅልፍ ነሣኝ።» — እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ደፍራ የጠየቀችዎትን ሴት አመስግኗት፤ በዚያ ሐሙስ ከተነገረው ቃል ሁሉ ወደ ቤትዎ የገባው የእርሷ ሊሆን ይችላልና። ከብዙ አማኝ ቤቶች የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጾምና ጸሎት ናቸው፤ በኩሽና ስለምትሠራው ልጅ የጻፈልኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልነበረም። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እመልስልዎታለሁ።

«እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚለው አነጋገር ከቅን ልብ የሚወጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ሊመረመር ይገባዋል። የወለዷት ልጅ በስንት ሰዓት ትነሣለች? በስንት ሰዓት ትተኛለች? ስትታመም የሚተካት ማን ነው? ምን እየተማረች ነው? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስለ ሁለቱም ልጆች በወረቀት ላይ መልሱን ይጻፉ። ዘሌዋውያን 19፥34 በመካከላችን የተቀመጠ መጻተኛ እንደ አገር ልጅ እንዲሆንልን፣ እንደ ራሳችንም እንድንወደው ያዛል፤ እስራኤልም በግብጽ መጻተኞች እንደ ነበሩ ያስታውሳቸዋል። አባትና እናቷን ትታ፣ ምናልባትም በደላላ እጅ ወደማታውቀው ከተማ የመጣች ልጅ በቤትዎ ውስጥ ያለች መጻተኛ ናት።

ስለ ዕረፍት ቀን የተጻፈው ግልጽ ነው። በዘዳግም 5፥14 የሰንበት ትእዛዝ ሲደገም ወንድና ሴት አገልጋዮች «እንደ አንተ» እንዲያርፉ ተጨምሮበታል። ከእኔ ያነሰ ዕረፍት፣ ሥራ ሲያልቅ የሚገኝ ዕረፍት፣ እንግዳ ሲሄድ የሚፈቀድ ዕረፍት አይደለም፤ እንደ እኔ ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለድርጅት ሠራተኛ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት የማይበልጥ ሥራና ቢያንስ 24 ያልተቋረጡ የሳምንት ዕረፍት ሰዓታት ደንግጓል። በሰው ቤት የሚሠሩት ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ለእነርሱ የሚጠቀሰው ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች ያሉት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕግ በሩቅ በቆመበት ስፍራ የእኛ እግዚአብሔርን መፍራት ይፈተናል፤ ያዕቆብ 5፥4 በማጭበርበር የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል የሚለውም ጩኸቱን የሚሰማ ሌላ ሰው በማይገኝበት ሁኔታ ነው።

እዚህ ላይ ልቤን የሚያቆስል ነገር ልጻፍ። ወደ ዓረብ አገር ስለሄዱት እህቶቻችን እናለቅሳለን፤ ፓስፖርታቸው መያዙን፣ ያለ ዕረፍት መሥራታቸውን፣ ደመወዛቸው ተይዞባቸው ለወራት መቆየቱን ሰምተን በጸሎት እንቃትታለን። ልናለቅስም ይገባናል። ነገር ግን ለቤሩትና ለሪያድ በምንጸልይበት ሳሎን ውስጥ ቡና የምታቀርበው ልጅ መታወቂያዋ በማን መሳቢያ ነው? ደመወዟስ በማን እጅ ነው? በእነዚያ አገሮች ያሉ አንዳንድ እመቤቶችም «የማስቀምጥላት ለእርሷ ብዬ ነው» ይላሉ።

ደመወዟን ያስቀመጡት በክፉ ልብ እንዳልሆነ አምናለሁ። ሆኖም ዘሌዋውያን 19፥13 የሠራተኛው ዋጋ እስከ ነገ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ይከለክላል፤ ዘዳግም 24፥15 ደግሞ ፀሐይ ሳይገባ እንዲሰጠው ያዛል፣ ድሃ ነውና ነፍሱም በእርሱ ላይ ተስፋ ታደርጋለችና። ቃሉ ገንዘቡን ምን ያደርግበታል ብሎ አይጠይቅም። ለወላጆቿ ብትልክ፣ ለወንድሟ ደብተር ብትገዛ፣ ወይም እርስዎ የማይወዱትን ልብስ ብትገዛ መብቷ ነው። ሊመክሯት ይችላሉ፤ ሊይዙባት ግን አይችሉም። የፋይዳ መታወቂያ ከሌላት አብረዋት ሄደው ያስመዝግቧት፤ በራሷ ስምም የባንክ ሒሳብ ትክፈት፣ ምስጢር ቁጥሩን የምታውቀው እርሷ ብቻ ትሁን።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። ስለዚህ ጉዳይ ሲያነጋግሯት የመጀመሪያ መልሷ «ኧረ እትዬ፣ እኔ ምን ጎደለኝ» የሚል መሆኑ አይቀርም። ይህን መልስ እንደ ፈቃድ አይቁጠሩት፤ ቤቷም ሥራዋም በእርስዎ እጅ ያለ ልጅ ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ኢዮብ አገልጋዩ በእርሱ ላይ ክርክር ባነሣ ጊዜ መብቱን ንቆ እንደ ሆነ ራሱን ይመረምራል፤ እርሱን በማኅፀን የፈጠረው አገልጋዩንም እንደ ፈጠረ ያስባል። መከራከር የምትችልበትን ቦታ መስጠት የእርስዎ ድርሻ ነው፤ የዕረፍት ቀኗን «ትፈልጊያለሽ?» ብለው ሳይሆን «የትኛው ቀን ይሻልሻል?» ብለው ይጠይቋት።

ሐሙስ ደግሞ ኅብረቱን ማቆም የለባችሁም። ምግብ የሚያቀርቡት ተራ ገብተው የኅብረቱ አባላት ይሁኑ፣ ቡናውንም ከመካከላችሁ አንዷ ታፍላ። ልጅቷ ልትጸልይ ከፈለገች እንደ ማንኛችሁም በወንበር ትቀመጥ፤ ካልፈለገች ማንም አያስገድዳት። በሰፈራችሁ የማታ ትምህርት ካለና መማር ከወደደች ከ11 ሰዓት በኋላ ነፃ የምትሆንባቸውን ቀናት አብራችሁ ወስኑ።

በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት ግን ሒሳቡን ማስላት ይሁን። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ የሃያ አራቱን ወር ደመወዝ፣ ለእርሷ ወጪ የሰጡት ካለም እርሱን፣ ከእርሷ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው በወረቀት ይጻፉ። ማንበብ የሚያዳግታት ከሆነ ቁጥሩን እየቆጠሩ ያስረዷት፤ የምታምነው ሰው ካለም አብሮ ይቀመጥ። ከዚያ ሙሉውን ገንዘብ በስሟ በተከፈተው ሒሳብ ያስገቡና ደረሰኙን ለእርሷ ይስጧት። የዕረፍት ቀኗ ሲደርስም ወዴት እንደምትሄድ የምትወስነው እርሷ ናት።